«ምትክ»ን ከዘመዶቹ ለይቶ በየቦታው ለመጠቀም

አንድ ነገር ከቦታው ሲጠፋ፣ ሲሰበር፣ ሲያልፍ ወይም ለጊዜው ሲርቅ በቦታው የሚቆመውን ሌላ ነገር የምንጠራበት ስም በአማርኛ አንድ ብቻ አይደለም። ምትክ፣ ተተኪ፣ ተኪ፣ ፈንታ፣ ተለዋጭ፣ ቅያሪ፣ ተጠባባቂ፣ ምክትል፣ ወኪል፣ እንደራሴ፣ ካሳ፣ ቤዛ የሚሉት ሁሉ በዚሁ ሐሳብ ዙሪያ የቆሙ ናቸው። ነገር ግን አንዱ በሌላው ቦታ ሲገባ ዓረፍተ ነገሩ ወይ ይሻክራል፣ ወይ ትርጉሙ ይለወጣል፤ አንዳንዴም ስሕተቱ ከወረቀት አልፎ የሰው መብትና ኑሮ ላይ ይደርሳል። የሰዎችን ማመልከቻና የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ በማረም ብዙ ዓመት ስለቆየሁ ይህን ስሕተት ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ ስለዚህ ቃላቱን ለመለየት የምጠቀምበትን መንገድ ከነምሳሌው ላስቀምጥ።

መንገዱ በአንድ ጥያቄ ይጀምራል፤ የቀድሞው ነገር አሁን የት ነው? ላይመለስ ሄዷል? ለጊዜው ርቆ ይመለሳል? በቦታው እያለ ሌላ ሰው በስሙ ይሠራለታል? ወይስ ሁለቱም ቀርበው ምርጫው የእኛ ነው? ብዙ ጸሐፊዎች አዲስ የሚመጣውን ነገር እያዩ ቃል ይመርጣሉ፤ ቃላቱን የሚለያያቸው ግን የሄደው ነገር ዕጣ ነው።

ከግሡ መጀመር

«ምትክ» የተገኘው «ተካ» ከሚለው ግሥ ነውና የግሡን ጠባይ ሳያውቁ ስሙን በትክክል መጠቀም ያስቸግራል። በ«ተካ» ዓረፍተ ነገር ውስጥ የሚወጣው ነገር «ን»ን ይይዛል፤ የሚገባው ነገር ደግሞ «በ»ን ያስቀድማል። «ቅቤውን በዘይት ተካችው» ስንል ቅቤው ወጥቶ ዘይቱ ገብቷል። ከውጭ ቋንቋ በሚተረጎሙ የምግብ አዘገጃጀት ጽሑፎች ላይ ይህ ሲገለበጥ አያለሁ፤ ጸሐፊው ዘይት እንዲጨመር ፈልጎ «ዘይቱን በቅቤ ይተኩ» ይላል፤ ለጾም ወጥ ሊሠራ የተነሣ አንባቢም ቅቤ ጨምር ተባለ ማለት ነው። ዓረፍተ ነገሩን ከመልቀቅዎ በፊት «ን» ያለበትን ቃል «ይኼ ነው የሚወጣው?»፣ «በ» ያለበትን ደግሞ «ይኼ ነው የሚገባው?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ ካልገጠመ ወይም ካጠራጠረዎት ግሡን ትተው «በቅቤው ፈንታ ዘይት ይጨምሩ» ብለው ቢጽፉ ማንም አይሳሳትም።

ከዚህ የሚብሰው ችግር በፊደላችን የማይታየው ነው። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ አይለይም፤ በዚህም ምክንያት «ይተካል» የሚለው ቃል «ት» ላልቶ ሲነበብ ሌላውን የሚተካውን፣ «ት» ጠብቆ ሲነበብ ደግሞ በሌላ የሚተካውን ያመለክታል። ሁለቱ ፍጹም ተቃራኒ ሆነው ሳለ በጽሑፍ አንድ ናቸው። ከዓመታት በፊት እሠራበት በነበረ አንድ ድርጅት ሰሌዳ ላይ «የሚተኩ ሠራተኞች ስም ዝርዝር» የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ። ዝርዝሩ ጡረታ በሚወጡ ሠራተኞች ቦታ የሚመደቡ ወጣቶችን የያዘ ነበር፤ ስማቸው የተጻፈው ወጣቶች ግን «ት»ን አጥብቀው ስላነበቡት ከሥራ የሚወጡት እነሱ መሰላቸው። አንዲት ባልደረባችንን ሻይ ቤት ውስጥ ስታለቅስ አገኘናት። ማስታወቂያውን የጻፈው ሰው የሰዋስው ጥፋት አላጠፋም፤ ቃሉን ግን እሱ በልቡ እንዳነበበው ሁሉም የሚያነበው መስሎት ነበር።

መፍትሔው ቀላል ነው። «የሚተካ»፣ «ይተካል»፣ «የሚተኩ» የሚሉትን ያለ ተሳቢ ብቻቸውን አያቁሟቸው። «ጡረተኞችን የሚተኩ ሠራተኞች» ወይም «በጡረተኞች ቦታ የሚመደቡ ሠራተኞች» ቢባል ኖሮ ያ ሁሉ ድንጋጤ ባልመጣ ነበር። በመተዳደሪያ ደንቦች ላይም «ሰብሳቢው በማይኖርበት ጊዜ ምክትሉ ይተካል» ተብሎ የሚጻፈው «ምክትሉ ይተካዋል» ወይም ይበልጥ ግልጽ ሆኖ «ምክትሉ ሰብሳቢውን ተክቶ ይሠራል» ሊባል ይገባዋል። አሉታው ብቻ ከዚህ ችግር የተረፈ ይመስላል፤ «የማይተካ ሚና» ሲባል ሁሉም ሰው ሌላ የማይገኝለት ሚና መሆኑን ይረዳል፤ ይህም ቃሉ በዚሁ ትርጉም ስለተለመደ ነው።

«ተካ» የጎደለውን መልሶ መሙላትንም ይይዛል። «የሰበርኩትን ብርጭቆ እተካለሁ» ያለ ሰው ዕዳውን በዓይነት ሊመልስ ቃል ገብቷል። «ዘር ሳይተካ ሞተ» ሲባል ልጅ አለማስቀረቱ ነው፤ «በአባቱ እግር ተተካ» ሲባል ደግሞ ልጁ የአባቱን ሥራ፣ ወንበር ወይም ኃላፊነት መያዙ ነው።

«ምትክ» በወረቀት ላይ

ስሙ «ምትክ» ዋነኛ ቤቱ የቀድሞው ነገር ላይመለስ በሄደበት ቦታ ነው። ጋዜጣ የሚያነብ ሰው የጠፋ የቤት ካርታን የሚመለከት ማስታወቂያ ያውቃል፤ ባለይዞታው ካርታው ስለጠፋበት ምትክ እንዲሰጠው መጠየቁ ይገለጽና፣ ተቃዋሚ ካለ በተባለው ጊዜ እንዲቀርብ፣ ካልቀረበ ግን የቀድሞው ተሰርዞ ምትኩ እንደሚሰጥ ይነገራል። ምትኩ የሚሰጠው የቀድሞው ዋጋ ካጣ በኋላ ነው፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሊኖሩ አይችሉም። «ምትክ»ን ከ«ቅጂ» የሚለየውም ይኸው ነው፤ ቅጂ ከዋናው ጋር አብሮ ይኖራል፣ ምትክ ግን ዋናውን ሽሮ በወንበሩ ይቀመጣል።

ስለዚህ ማመልከቻ ሲጽፉ ሦስት ጉዳዮችን ይለዩ። መታወቂያዎ ወይም ሌላ ሰነድዎ የጊዜ ገደቡ ካለፈበት የሚጠይቁት «እድሳት» ነው። ሰነዱ በእጅዎ ኖሮ ከተበላሸ ወይም በላዩ ያለው መረጃ ከተለወጠ «ይቀየርልኝ» ይበሉ፤ የቀድሞውን መልሰው ስለሚያስረክቡ መቀየር ነው። ከጠፋ ወይም ከተሰረቀ ግን «ምትክ ይሰጠኝ» ይላሉ። ዓረፍተ ነገሩም እንዲህ ሊሆን ይችላል፤ «ከዚህ በፊት የተሰጠኝ መታወቂያ ስለጠፋብኝ፣ የፖሊስ ማስረጃውን ከዚህ ማመልከቻ ጋር አያይዤ በማቅረብ ምትክ እንዲሰጠኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።» ሰነዱ የጠፋበት ሰው «ይታደስልኝ» ብሎ ቢጽፍ ጸሐፊዋ የቀድሞውን አምጣ ማለቷ አይቀርም፤ ሰውየውም ለአንድ ቃል ሲል እንደገና ወረፋ ይይዛል።

በመሬት ጉዳይ «ምትክ»ና «ካሳ» ተጣምረው ስለሚጠሩ ብዙ ሰው አንድ ያደርጋቸዋል። አንድ አይደሉም። ካሳ ለደረሰ ጉዳት ወይም ለጠፋ ንብረት የሚከፈል ዋጋ ሲሆን ምትክ የጠፋውን በዓይነት የሚተካ ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መንግሥት የግል ንብረትን ለሕዝብ ጥቅም ሲወስድ ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ እንዲከፍል ያዛል፤ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ደግሞ ከካሳው ጋር የምትክ ቦታንና የምትክ ቤትን ጉዳይ ያነሣል። ስለዚህ የልማት ተነሺ የሆነ ሰው በአቤቱታው «ካሳ አልተሰጠኝም» ብሎ ቢጽፍና በልቡ ያለው ግን መሬቱ ከሆነ፣ ገንዘብ መቀበሉን የሚያሳይ ደረሰኝ ሲቀርብበት አቤቱታው ሐሰት ይመስላል። ገንዘቡንና ቦታውን በየስማቸው ለይቶ «ካሳው ተከፍሎኛል፤ ምትክ ቦታው ግን አልተሰጠኝም» ማለት አለበት። «ተተኪ ቦታ» የሚል አጻጻፍም አጋጥሞኛል፤ ይህ ቃል ከታች እንደማስረዳው የሰው ነው፣ ለመሬት አይሆንም።

በሆስፒታል ደጃፍም ቃሉ አለ። ቤተሰብ ለበሽተኛው ከደም ባንክ በወጣው ደም ልክ ሌላ እንዲለግስ ሲጠየቅ «ምትክ ደም» ይባላል። ያ ደም ለበሽተኛው ለራሱ የሚሰጥ አይደለም፤ የወጣውን የሚሞላ ነው። ይህን ለዘመድ የሚያስረዳ ሰው «የወጣውን ለመተካት ነው» ብሎ ቢጀምር፣ ከገጠር የመጡ አባት እንኳ የእኔ ደም ለልጄ ይስማማው ይሆን ብለው አይጨነቁም።

«ፈንታ»፣ «በምትኩ»ና «ይልቅ»

«ፈንታ» ወይም «ፋንታ» በሁለቱም አጻጻፍ ይገኛል። ከስም ኋላ ሲመጣ ከ«ምትክ» ጋር እጅግ ይቀራረባል፤ «በእሱ ፈንታ ሄድኩ» እና «በእሱ ምትክ ሄድኩ» ሁለቱም ያስኬዳሉ። ልዩነታቸው ሁለት ቦታ ላይ ይታያል። አንደኛው፣ «ምትክ» ብቻውን ስም ሆኖ ይቆማል፣ «ፈንታ» ግን በዚህ ትርጉሙ አይቆምም፤ «ምትክ ተሰጠኝ» ይባላል፣ «ፈንታዬ ተሰጠኝ» ቢባል ግን ድርሻዬ ደረሰኝ ማለት ይሆናል። ሁለተኛው፣ «ፈንታ» ከሚደረግ ነገር ስም ጋር በደንብ ይሄዳል፤ «በመጻፍ ፈንታ ደወለ» ጥሩ አማርኛ ነው፣ «በመጻፍ ምትክ ደወለ» ግን ጆሮዬን ይከብደዋል።

እኔ ራሴ ሁለቱን ለመምረጥ ስቸገር ወደ መነሻው ጥያቄ እመለሳለሁ። በጾም ወራት በቅቤ የሚሠራው በዘይት ይሠራል፤ ቅቤው ግን አልሞተም፣ ለፋሲካ ይመለሳል። ስለዚህ «በቅቤ ፈንታ ዘይት» እላለሁ። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ወገኖቻችን ጤፍ እንደልብ ባልተገኘበት ዘመን ከስንዴና ከሩዝ ዱቄት እንጀራ ይጋግሩ ነበር፤ እዚያም «በጤፍ ፈንታ» ማለት ይቀናኛል፤ ስንዴው ለጊዜው የተጠጋ እንጂ የጤፍን ቦታ ሊወርስ የመጣ አልነበረምና። ይህ የእኔ ምርጫ ነው፤ «በጤፍ ምትክ» ያለውን አላርመውም።

የማርመው ግን ዓረፍተ ነገር መክፈቻ ላይ እየበዛ የመጣውን «በምትኩ» ነው። «አልተቆጣም። በምትኩ ፈገግ አለ።» የሚል አጻጻፍ በዜናና በትርጉም ሥራ በየቀኑ ይታያል። የ«በምትኩ» መጨረሻ «የእሱ» የሚል ባለቤት አለበት፤ ስለዚህ ከእሱ በፊት ሊያዝ የሚችል አንድ ወንዴ ነጠላ ነገር ሊኖር ይገባል። «አሮጌው ድልድይ ፈረሰ፤ በምትኩም አዲስ ተሠራ» ትክክል ነው፤ የድልድዩ ምትክ ነው። ነገሩ ሴቴ ከሆነ «በምትኳ»፣ ብዙ ከሆነ «በምትካቸው» ይሆናል። «አልተቆጣም» ላይ ግን የማን ምትክ ነው? እዚያ አማርኛ የራሱ መንገድ አለው፤ «በመቆጣት ፈንታ ፈገግ አለ» ወይም «መቆጣቱን ትቶ ፈገግ አለ»። ሁለቱን ዓረፍተ ነገር ወደ አንድ ማምጣት ነው፤ ጽሑፉም ወዲያው ይቃናል።

«ይልቅ» የማወዳደርና የማስበለጥ ቃል ስለሆነ ከ«ፈንታ» ጋር አይምታታብዎ። «ከቡና ይልቅ ሻይ እወዳለሁ» ያለ ሰው ሁለቱንም ሊጠጣ ይችላል፤ «በቡና ፈንታ ሻይ ጠጣሁ» ያለው ግን ቡናውን አልቀመሰም።

ሰው በሰው ቦታ ሲቆም

ለሰው ሲሆን ጥንቃቄው ይጨምራል፤ ቃሉ ማዕረግም ሥልጣንም ይይዛልና። «ተተኪ» ከኋላ የሚመጣ፣ ጊዜው ሲደርስ ቦታውን የሚረከብ ነው፤ የቀድሞው ገና በሥራ ላይ ሊሆን ይችላል። «ተተኪ ትውልድ»፣ «ተተኪ አትሌቶች» የምንለው ለዚህ ነው፤ የዛሬዎቹ ገና አልወጡም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት በኢሕአዴግ ውስጥ ለአመራር ለውጡ «መተካካት» የሚል ስም ሲሰጠው የተመረጠው ግንድ ይኸው ነበር። ለአንድ ቀን ለቀረ መምህር ክፍል የገባን ሰው ግን «ተተኪ መምህር» ማለት መምህሩን ከሥራ ማስወጣት ይሆናል። ሰዎች በአፋቸው የሚሉት የተሻለ ነው፤ «የእሱን ክፍለ ጊዜ ሸፈነለት»፣ ነርሶችም «ተረኝነቷን ሸፈንኩላት» ይላሉ። «ሸፈነ» ባለቤቱ ነገ እንደሚመለስ በውስጡ ይናገራል።

«ምክትል» የተገኘው ከ«ተከተለ» ግንድ ስለሆነ ከ«ምትክ» ጋር በድምፅ እንጂ በዘር አይገናኝም። ምክትል ዋናው በቦታው እያለ አብሮት የሚሠራ፣ ቀጥሎት የሚቆም ነው። «ተጠባባቂ» ደግሞ ወንበሩ ባዶ ሲሆን ቋሚ ሰው እስኪሾም ድረስ የሚያቆየው ነው። «ተጠባባቂ ሥራ አስኪያጅ» ተብሎ ፊርማ የወጣበትን ደብዳቤ «ምክትል» ብለው ቢመልሱለት ሰውየውን ከሥልጣኑ ዝቅ አድርገዋል።

በእግር ኳስ «ተጠባባቂ»ና «ተቀያሪ» ይለያያሉ። ወንበር ላይ ያሉት ሁሉ ተጠባባቂዎች ናቸው፤ ሜዳ የገባው ግን ተቀያሪ ይባላል። በዓለም ዋንጫ ተጫዋች መቀየር የተፈቀደው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970 በሜክሲኮ ሲሆን፣ በመክፈቻው ጨዋታ የገባው የሶቪየት ኅብረቱ አናቶሊ ፑዛች የመጀመሪያው ተቀያሪ ነው። «ተቀይሮ» ለሚገባውም ለሚወጣውም ስለሚሆን «ገባ» ወይም «ወጣ» ሳይከተለው መተው የለበትም።

«ወኪል» በሕግ የቆመ ቃል ነው። ወካዩ አለ፣ መብቱም የራሱ ነው፤ ወኪሉ የሚሠራው በወካዩ ስም ነው። በውጭ አገር ሆነው ቤት ለማሸጥ ወይም ጉዳይ ለማስፈጸም በኤምባሲ በኩል ውክልና የሚልኩ ሰዎች አንድ ነገር እንዲያስተውሉ እመክራለሁ። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ወኪል ሥራውን ራሱ መሥራት አለበት፤ ወካዩ ካልፈቀደለት በቀር ሌላን ሰው በቦታው ማቆም በመርሕ ደረጃ አይችልም። ያንን ሥልጣን መስጠት ከፈለጉ «ሌላ ወኪል እንዲወክል» ብለው በግልጽ ያስጽፉ፤ «ምትክ እንዲያደርግ» የሚለው ልቅ አነጋገር ሰው ይሁን ንብረት እንዲተካ መፈቀዱ አይታወቅም። «እንደራሴ» ከዚህ ሁሉ የከበደ ነው። ስሙ «እንደ ራሴ» ከሚለው የመጣ ነውና ሙሉ ሥልጣንን ያሳያል፤ ራስ ተፈሪ መኮንን በ1909 ዓ.ም. አልጋ ወራሽና እንደራሴ በተባሉ ጊዜ ቃሉ የተሸከመው ይህን ክብደት ነው። ዛሬ ለአንድ ሱቅ ጠባቂ «እንደራሴ» ማለት አይመጥንም።

ስለ ዕቃ ብዙ ማለት አያስፈልግም። «ተለዋጭ» እየተፈራረቀ ወይም በምርጫ የሚመጣ ነው፤ «ተለዋጭ መንገድ»፣ ፍርድ ቤትም «ተለዋጭ ቀጠሮ» ይሰጣል። ለጉዞ የሚያዘው «ቅያሪ ልብስ» ነው፣ ለመኪና የሚገዛው «መለዋወጫ»። ከውጭ የሚገባውን በአገር ውስጥ ለሚያስቀር ምርት ደግሞ «ተኪ ምርት» የሚለው ተለምዷል፤ አጭርና አድራጊነቱ ግልጽ ስለሆነ ጥሩ ቃል ነው።

በስምና በማጽናናት

ሰዋስው ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው «ተውላጠ ስም» ራሱ የዚህ ቤተሰብ ዘመድ ነው። ግእዝ «ወለጠ» መለወጥን ያመለክታል፤ ተውላጥም ልዋጭ ማለት ነው፤ በስም ቦታ የሚገባ ቃል ስለሆነ ተውላጠ ስም ተባለ። «ቤዛ»ም ከግእዝ የመጣ ሲሆን ራሱን ስለ ሌላው አሳልፎ ለሚሰጥ ብቻ የሚነገር ነው። በላሊበላ በገና ዕለት «ቤዛ ኵሉ» ሲዘመር የሰማ ሰው ቃሉን ለተራ ልውውጥ አያውለውም፤ እኔም በማርመው ጽሑፍ ውስጥ «የቤዛ ተጫዋች» የሚል ባገኝ ያለ ማመንታት እሰርዘዋለሁ።

ቃሉ ወደ ሰው ስምም ገብቷል። ልጅ የሞተበት ቤት ቀጥሎ የተወለደውን ምትኩ፣ ምትኬ፣ ተካ፣ ተካልኝ፣ ካሳ፣ ካሳሁን፣ ሴት ከሆነች ካሳነሽ ብሎ መሰየም የቆየ ልማድ ነው። በኦሪት ዘፍጥረትም ሔዋን ሴት የተባለውን ወንድ ልጇን በወለደች ጊዜ እግዚአብሔር በአቤል ፋንታ ሌላ ዘር እንደተካላት ተናግራ ስም አውጥታለታለች። በታሪካችን ዐፄ ቴዎድሮስም ዐፄ ዮሐንስ አራተኛም ከመንገሣቸው በፊት ካሳ ይባሉ ነበር። እነዚህን ስሞች በጽሑፍ ሲያገኙ ስሙ የወጣበትን ምክንያት ከባለቤቱ ሳይሰሙ ሞት ነበረ ብለው አይደምድሙ፤ ብዙ ጊዜ ስሙ ከአያት ወይም ከዘመድ የተወረሰ ይሆናል። ምክንያቱን የሚያውቁ ከሆነም በሰው ፊት አይጠይቁ።

ለቅሶ ቤት ሲገቡም ያው ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሕፃን ለሞተባት ወጣት እናት ትልልቅ ሰዎች «እግዚአብሔር ይተካልሽ» ይላሉ፤ ምርቃቱ ገና የሚመጣ ልጅን ይመለከታል። አጠገቧ ለተቀመጠች፣ መውለጃዋ ላለፈ ሴት ግን ይህን አይሉም፤ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ይሏታል። እናቱ ለሞተችበት ሰው ደግሞ «ይተካልህ» የሚል ሰው ሰምቼ አላውቅም፤ እናት ምትክ የላትምና እዚያ የሚባለው «ነፍስ ይማር» ነው።